የእጅ ስልክ ሒሳብና የነጋዴው ጥንቃቄ



በሾላ ገበያ ቅቤና ማር የሚመዝኑትን ሴቶች ቆሞ የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፥ በዚህ ስፍራ ሩብ ኪሎ እንኳ ያለ ክርክር አታልፍም። አስመጪውም ቢሆን የትራንዚተሩን ደረሰኝ፥ የጭነቱን ኪራይና የመጋዘኑን ሒሳብ አንድ በአንድ ሳይመረምር ፊርማውን አያኖርም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን የእጅ ስልክ ሒሳብ በመጣለት ጊዜ ድምሩን ብቻ አይቶ ይከፍላል፤ ድምሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነም ስልኩን የያዘውን ሠራተኛ ይቆጣል። ሁለቱም ልማድ የማይገባ ስለ መሰለኝ ይህችን አሳብ ለመጻፍ ተነሣሁ።

እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት ቤት የማእድ ቤት ዕቃ ከውጭ አገር አስመጥቶ በጅምላና በችርቻሮ የሚሸጥ ነው። በቤቱ ስም አምስት የድኅረ ክፍያ ቁጥሮች ነበሩ፤ የባለቤቱ፥ የእኔ፥ የንብረት ጠባቂው፥ የሾፌሩና የአንድ ወጣት ሻጭ። አንድ ወር የወጣቱ ሒሳብ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። ባለቤቱም ነገሩን ሳያጣሩ፥ «ከደመወዙ በሁለት ወር ተከፍሎ ይቆረጥ» ሲሉ አዘዙ። ልጁ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹን የሚያስተምር መሆኑን ስለማውቅ፥ «ጋሼ፥ ዝርዝሩን ልመልከትና ነገ እነግርዎታለሁ» ብዬ የአንድ ቀን ጊዜ ለመንሁ።

ዝርዝሩን በቀንና በሰዓት ስከታተለው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የወሩ የኢንተርኔት ጥቅል በ17ኛው ቀን አልቆ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ስልኩ መሥራቱን አላቆመም፤ ከጥቅሉ ውጪ ባለው መደበኛ ታሪፍ መቍጠሩን ቀጠለ እንጂ። በእነዚያው ቀናት ልጁ በቴሌግራም የላከው ተንቀሳቃሽ ምስል ደግሞ አዲስ የመጣውን ድስትና ብረት ምጣድ ለደንበኞች ለማሳየት ባለቤቱ ራሳቸው ያዘዙት ነበር። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያስ ዕዳው የእኔ ነው» አሉና ትእዛዙን ሻሩት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ባይጠየቅ ኖሮ ልጁ ለቤቱ በሠራው ሥራ ይቀጣ ነበር። በሌሎች መደብሮች ስንት ደመወዝ እንዲህ ተቆርጦ እንደ ሆነ ማን መረመረ?

በዚያው ወረቀት ላይ ሌላም ነገር ነበር። ከአንድ የአጭር መልእክት አገልግሎት በየቀኑ 2 ብር ይቆረጣል። ልጁ ፈቅዶ ይሁን ጣቱ በስሕተት ነክቶ ዛሬም አልታወቀም። ሁለት ብር ምን ታደርጋለች የሚል ቢኖር፥ በዓመት 730 ብር መሆኗንና በአምስት ቁጥር ብትገባ 3,650 ብር እንደምትደርስ ያስላ።

ዱሮ እንዲህ ያለ ችግር የሚከለከለው በቍልፍ ነበር። የሱቅ ስልክ በእንጨት ሣጥን ተቈልፎ፥ ወይም በመደወያው ላይ ትንሽ ጓጕንቸር ገብቶበት ስናይ አድገናል፤ ቍልፉም ከባለቤቱ ኪስ አይወጣም። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ከጊዜ በኋላ በየሠራተኛው እጅ ሲበተን ግን ቍልፉ ቀረ፤ በምትኩም ሌላ አልተሠራም። በድኅረ ክፍያ ውል ላይ የብድር ጣሪያ ቢኖር እንኳ፥ የብድር ጣሪያ በጠባዩ የሻጩን ገንዘብ ከመጥፋት ይጠብቃል እንጂ የገዢውን ኪስ አይጠብቅም። እኔ የምጠይቀው ደንበኛው ራሱ በጽሑፍ የሚወስነውን ጣሪያ ነው።

ይህ እንግዳ አሳብ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአገሩ ውጪ በሮሚንግ ኢንተርኔት የሚጠቀም ደንበኛ ሌላ ካልመረጠ በቀር በወር ከ50 ዩሮ እንዳያልፍ ጣሪያ ተደርጎለታል፤ 80 ከመቶው ላይ ሲደርስም ማስጠንቀቂያ ይላክለታል። በብሪታንያም ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የእጅ ስልክ ውል የሚገባ ደንበኛ የወጪ ገደብ እንዲያደርግ ኩባንያው ምርጫ ሊሰጠው በሕግ ይገደዳል።

አንዳንድ ወዳጆቼ፥ «ኮንቴነሬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ትራንዚተሩ ሲፈልገኝ ስልኬ ቢዘጋ ኪሳራው ከሒሳቡ ይበልጣል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሮሚንግ ከፍቶ ዱባይ ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ስልኩን በድንገት መዝጋት ሳይሆን፥ ጥቅሉ ሲያልቅ «በመደበኛው ታሪፍ ልቀጥልን?» ብሎ መጠየቅና የባለቤቱን ፈቃድ መጠበቅ ነው። ጥሪ ይቀጥል፤ ኢንተርኔቱ ግን ፈቃድ ይጠብቅ።

እስከዚያው እኛ የሠራነው ይህ ነው። የሦስቱን ሠራተኞች ቁጥር ወደ ቅድመ ክፍያ አዛውረን በየወሩ የተወሰነ ጥቅል እንገዛላቸዋለን። በየስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የኢንተርኔት ገደብ አግብተናል። ጥቅሉ የሚያልቅበት ቀን በመደብሩ የቀን መቍጠሪያ ላይ በቀይ ይጻፋል። ባለቤቱም ወደ ዱባይ ሲሄዱ ቦሌ ከመድረሳቸው በፊት የሮሚንግ ኢንተርኔታቸውን እዘጋለሁ፤ አንድ ጊዜ ረስቼ ያየሁት ሒሳብ አስተምሮኛልና። ያልተጠየቀውን የአጭር መልእክት አገልግሎት ደግሞ ወደ መጣበት ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ በመላክ አስቁመናል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎት ስለሚሰጥ፥ ነጋዴው የደቂቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የውሉንም ጠባይ አወዳድሮ መጠየቅ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የደንበኛን መብት የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ነገር ግን አንድ ባለሱቅ ብቻውን ስለ 60 ብር ሥራ ፈትቶ አይከራከርም። ስለዚህ ንግድ ምክር ቤታችን የአባሎቹን ማስረጃ ሰብስቦ፥ ደንበኛው የሚወስነው የወጪ ጣሪያ በውሉ እንዲገባ በአንድ ማመልከቻ ቢያቀርብ መልካም ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ የወጣቱን ዝርዝር ቅጂ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ፤ ስለ ሁለት ብሯ የጻፍነው አቤቱታም እስከ ዛሬ ምላሽ ስላላገኘ ከዚያው ፋይል ጋር ተያይዞ ይገኛል።