ከዐሥር ሺህ ቃል አምስት ቃል

በየኅብረታችን እጅ ለእጅ የሚዞረውን ያንን ወረቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍች፣ ከላይ ደግሞ «ከባድ ቃላት» የሚል ርእስ። አሁን አሁን በቴሌግራምም ይላካል። በቀን 20 ቃል የሸመደደ በዓመት 7,300 ቃል ያውቃል ይባላል። ስሌቱ ልክ ነው። ውሸቱ ያለው «ያውቃል» የሚለው ላይ ነው።

ይህን ወረቀት ጣሉት ብዬ ልሟገታችሁ ነው የተነሣሁት። በምትኩ መጽሐፍ አንሡ፤ ዘመን የፈተነው፣ ታሪክ ያለው፣ ሰው የሚኖርበት መጽሐፍ።

«አባንደን» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በፊደል ተራ ስለሚቀድም በብዙ ዝርዝሮች ላይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በቀኝ በኩል «መተው» ይላል፤ አለቀ። ይህን የሸመደደ ወንድማችን «ምሳዬን ሳልጨርስ ተውኩት» ለማለት ሲፈልግ ይህንኑ ቃል ያመጣዋል፤ ሰሚውም ይስቃል። መርከብ ሲሰጥም መርከበኞቹ ጥለውት እንዲወጡ ሲታዘዙ ይህ ቃል አለ። እናት ሕፃኗን ሰው በር ላይ ጥላ ስትሄድ ይህ ቃል አለ። ሰው ተስፋውን ሲቆርጥም አለ። ደግሞ ተገልብጦ፣ ሰው ራሱን ረስቶ ያለ ገደብ ሲዘምር በሌላ መልኩ ይመጣል። «መተው» በሚለው ፍች ውስጥ በርም የለም፣ ሕፃንም የለችም፣ ልቅሶም የለም። ታሪኩን ያነበበ ግን ቃሉን ባየ ቁጥር ያቺ ሕፃን ትታወሰዋለች። ቃል ማወቅ ማለት ይህ ነው።

እኛ ቆሼ ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። የማረቆ በርበሬ ስሙ ከአገር አገር የወጣ ነው። ገበሬው ችግኙን መጀመሪያ መደብ ላይ ያፈላል፤ ከዚያ ሥሩን እንዳይጎዳ ተጠንቅቆ ያዛውረዋል። የሥሩን አፈር አራግፎ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚተክል ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቃላት ዝርዝር ማለት ሥሩ የተራገፈ ችግኝ ነው። ለሁለት ቀን አረንጓዴ ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። ፈተና በሄደ በሳምንቱ ከሸመደዳችሁት ስንቱ እንደቀረ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አላችሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ በቤት ማረቆኛ ወይም ጉራጊኛ ወይም ስልጢኛ የምትናገሩ ናችሁ፤ አማርኛ የተጨመረላችሁ በኋላ ነው። አማርኛን በዝርዝር ሸምድዳችሁ ነው የለመዳችሁት? በገበያ ሰማችሁት፤ በመዝሙር ዘመራችሁት፤ በሰንበት ትምህርት የዮሴፍን ታሪክ ስትሰሙ «ጉድጓድ» ምን እንደሆነ ማንም ሳይተረጉምላችሁ ገባችሁ፤ ወንድሞቹ ሲጥሉት አይታችኋልና። አንድ ጊዜ የተሳካላችሁን መንገድ ለእንግሊዝኛ ሲሆን ለምን ትጥሉታላችሁ?

«የኔ ችግር ፈተናው ነው፤ ልብ ወለድ የማነብበት ጊዜ የለኝም» የሚል ይኖራል። ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ የእናንተ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ምክንያቱ አንድ ነው አልልም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የላቦራቶሪ፣ የሰላም እጦት ሁሉ አለበት። ነገር ግን ይህን ልብ በሉ፦ የእንግሊዝኛው ፈተና ብቻ ሳይሆን ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውም በተናጠል ቃል አይመጣም፤ በዓረፍተ ነገርና በአንቀጽ ይመጣል። ረጅም ዓረፍተ ነገር አንብቦ የማያውቅ ተማሪ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ቢያውቀው እንኳ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶት ይገኛል። ጊዜ የለኝም ያልከው ወንድሜ፣ ዝርዝሩን ለሦስተኛ ጊዜ ለመሸምደድ የምታጠፋው ጊዜ ለአንድ መጽሐፍ ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ፤ ነገሩ ከፈተናም ያልፋልና። የከባድ ቃል ፍቅር መድረካችን ላይ ወጥቷል። «ጌታ ወደ ኔክስት ሌቭል ያሻግራችሁ»፣ «ይህ ዓመት የብሬክስሩ ዓመት ነው»፣ «ኢምፓክት የምንፈጥር ጀኔሬሽን ነን» እንላለን። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት፣ ከገጠር በእግራቸው የመጡት እናት አሜን ይላሉ፤ ምን እንደተባለ ግን አያውቁም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥19 ሌሎችን ለማስተማር በማኅበር ዐሥር ሺህ ቃል በልሳን ከመናገር ይልቅ አምስት ቃል በአእምሮ መናገርን እንደሚመርጥ ጽፏል። የጻፈው ስለ ልሳን ስጦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መርሑ ግን እኛንም ይይዘናል። ቃል የተሰጠን ሌላውን ለማነጽ ነው። ትርጉሙን በቅጡ ሳናውቅ ለማማር የምንወረውረው የእንግሊዝኛ ቃል ማንን ያንጻል? ብዙ ያነበበ ሰው ቋንቋ ለይቶ ይጠቀማል፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ በእንግሊዝኛ፣ እናታችንን ሲያስተምር እናታችን በሚገባቸው ቋንቋ።

ለዚህም ከታላቆቹ መጻሕፍት የተሻለ አስተማሪ የለም። ጆን ባንያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የኖረ ድስትና ምጣድ ጠጋኝ ነበር። ትምህርቱ ጥቂት ነው። ያለ ፈቃድ ትሰብካለህ ተብሎ ከ1660 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ12 ዓመት ታሰረ። በ1678 እ.ኤ.አ. የታተመው «ፒልግሪምስ ፕሮግረስ» በዓለም ላይ እጅግ ከተነበቡት የክርስቲያን መጻሕፍት አንዱ ሆነ። የተጻፈው በከባድ ቃል አይደለም፤ ሸክም፣ በር፣ ኮረብታ፣ ረግረግ፣ ወንዝ በሚሉ ቃላት ነው። ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ወደ አማርኛ መልሰውት በ1892 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም «ወዳጄ ልቤ»ን ሲጽፉ ከእርሱ ሐሳብ እንደወሰዱ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ወንጌላዊ ወጣት ሆኖ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ስለ «አድቫንስድ ቮካቡላሪ» የሚጨነቅ ሰው ምንጩን ትቶ ጠብታ የሚለቅም ነው።

ከራሳችን አካባቢም አንድ ሰው ልጥራ። የጉራጌው ተወላጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው ሥራ በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት «ሺነጋስ ቪሌጅ» ተብሎ በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ዘ አፈርሳታ» የተባለውን ልብ ወለዱን በራሱ እንግሊዝኛ ጽፎ ለዓለም አቀረበ። የታሪኩ መነሻ የተቃጠለ ጎጆ ነው፤ የመንደሩ ሰዎች በአፈርሳታ ተሰብስበው ማን አቃጠለው ብለው ያፈላልጋሉ። ቋንቋው ግልጽና ቀላል ነው። እንሰቱን፣ ሽማግሌውን፣ ሸንጎውን እናንተ አስቀድማችሁ ስለምታውቁ እንግሊዝኛው ራሱ ይገባችኋል። ይኸው ሰው ዲከንስንና ሁጎን ወደ አማርኛ መልሷል። በአፍ መፍቻው ጽፏል፣ በእንግሊዝኛ ጽፏል፣ በአማርኛ ተርጉሟል። አንዱ ቋንቋ ሌላውን አልገደለበትም።

ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንንስ? በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ግዙፍ የአሜሪካ ልብ ወለድ ወደ 3,000 በሚጠጉ የሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ወደ አማርኛ ተረጎመው። ወረቀቶቹ ተሸሽገው ከእስር ቤት ወጡ፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ መጽሐፍ ሆነ። እርሱ ወረቀት አልነበረውም። እኛ ወረቀት አለን፣ ስልክ አለን፣ መብራት ባለ ቀንም ማታ አለን። ከዚያ በኋላ «አይመችም» ማለት ያሳፍራል።

እዚህ ላይ «እነዚህ ዓለማዊ መጻሕፍት አይደሉም ወይ? ለአማኝ ምን ይጠቅማሉ?» ብለው በቅን ልብ የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄያቸውን አልንቅም። ነገር ግን ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ እንዲማሩ ተደርገዋል፤ መጽሐፉም ዕውቀትን የሰጣቸው እግዚአብሔር ነው ይላል። የንጉሡን መብል አልበላም ያለው ዳንኤል የንጉሡን ትምህርት ግን አልማርም አላለም፤ የሚለየውን ያውቅ ነበር። ጳውሎስም በአቴና የግሪክ ባለቅኔዎችን ቃል የጠቀሰው ስላነበባቸው ወይም ስለሰማቸው ነው። እርግጥ ነው፣ ያነበቡት ሁሉ አይዋጥም። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ልብ ወለድ ራሱ ባሪያ አሳዳሪውን ደቡብ በናፍቆት የሚያይ ነው፤ እኛ ደግሞ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ እንደተፈጠረ የምናምን ሰዎች ነን። ስለዚህ እንፈትነዋለን፤ መልካሙን እንይዛለን። በኅብረት የተነበበና የተፈተነ መጽሐፍ ተደብቆ ከሚታይ ቪዲዮ ምን ያህል እንደሚሻል መሪዎቻችን ራሳቸው ይፍረዱ።

ሌላም ወገን አለ፤ እርሱንም አልተወውም። ሼክስፒርን በብብቱ ይዞ የሚዞር፣ ሁለተኛውን ገጽ ግን ያልገለጠ። ታላቅ መጽሐፍ ጌጥ አይደለም። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት አንብቦ ለመረዳት ከ100 ቃላት ወደ 98 የሚሆኑትን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ይናገራሉ። እናንተም በዚህ ለኩ። አንድ ገጽ ክፈቱ፤ 100 ቃል ቁጠሩ፤ የማታውቁትን በጣታችሁ ያዙ። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ቀጥሉ። አንድ እጅ ሞልቶ ካለፈ መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጡትና ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀውን እትም ፈልጉ። ይህ ውርደት አይደለም፤ ሕፃን ከወተት ነው የሚጀምረው።

የድሮ መጽሐፍ ወጥመድም እንዳለው እወቁ። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ማርቆስ 10፥14 ላይ ጌታ ሕፃናት ወደ እርሱ እንዲመጡ ሲናገር «ሳፈር» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። በዛሬው እንግሊዝኛ «መሠቃየት» ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን «መፍቀድ»ም ነበር። «ኮንቨርሴሽን»ም በዚያ መጽሐፍ ጭውውት ሳይሆን አኗኗር ማለት ነው። ዝርዝር የሸመደደ ሰው እዚህ ይወድቃል፤ ጌታ ሕፃናት ይሠቃዩ አለ ብሎ ይደነግጣል። ታሪኩን የሚያውቅ ግን «ይህማ ሊሆን አይችልም» ብሎ ይቆማል፤ መዝገበ ቃላቱንም ይከፍታል። አሳቡ ቃሉን አረመለት ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ በምታውቁት ታሪክ ጀምሩ። የማርቆስን ወንጌል በዘመናዊ እንግሊዝኛ ከአማርኛው ጎን ለጎን አንብቡ። ከዚያ የቶልስቶይን አጫጭር ታሪኮች፣ በተለይ የጫማ ሰፊዎቹን፤ ከዚያ «ዘ አፈርሳታ»ን፤ ከዚያ ባንያንን፤ ዲከንስ ይቆያችሁ። መጽሐፍ መግዣ የለንም ለምትሉ፣ የቅጂ መብታቸው ያበቃ ሺዎች መጻሕፍት በፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃ ይገኛሉ፤ አንዱ መጽሐፍ በጽሑፍ ብቻ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ከአንድ መዝሙር ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። አንዱ ኔትወርክ ባለበት አውርዶ ለኅብረቱ በብሉቱዝ ያካፍል።

ስታነቡ በየቃሉ አትቁሙ። የማታውቁት ቃል ሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ያኔ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ በደብተራችሁ ጻፉት፤ ቃሉን ብቻውን አትጻፉ። በሳምንት አንድ ጊዜ አራት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ያነበበውን ምዕራፍ በአማርኛ ወይም በማረቆኛ ይተርክ። መተረክ ያልቻለ አልገባውም፤ መተረክ የቻለ ግን ቃሉን አግኝቶታል።

በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባ አንድ ወንድም ያንን የደበዘዘ ወረቀት አውጥቶ ሊያካፍላችሁ ይሆናል። አታሳፍሩት፤ የተራበ ሰው ነው፣ የያዘውም ገለባ ነው። ከዝርዝሩ አምስት ቃል ብቻ ምረጡና እነዚያ ቃላት ያሉበትን ታሪክ አብራችሁ አንብቡ። የቀሩት በጊዜያቸው ይመጣሉ።