በሚናወጥ አውሮፕላን ውስጥ

በአውሮፕላን ተሳፍራችሁ ታውቁ ይሆናል። ነፋስ ሲመታው ውሃ የያዘ ብርጭቆ እንኳ በእጅ አይረጋም። ታዲያ ከዚሁ ከሚናወጥ አውሮፕላን ላይ ሆኖ ሩቅ ኮከብን አተኩሮ ማየት ይቻላል ብትባሉ ታምናላችሁ?

ተችሏል። የአሜሪካው ናሳ ከጀርመን ጋር ሆኖ ያዘጋጀው «ሶፊያ» የተባለ ቦይንግ 747 አውሮፕላን፣ 2.7 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለትን ቴሌስኮፕ ተሸክሞ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በርሯል። ወደ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲደርስ በጎኑ ያለው ሰፊ በር ይከፈትና ሰማይን ይመለከት ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ፀሐይ በሚያበራው የጨረቃ ገጽ ላይ ውሃ መኖሩ የታወቀው በእርሱ ነው።

ምስጢሩ ምን ነበር? ቴሌስኮፑ ከአውሮፕላኑ ጋር በብሎን አልተጠረቀመም። በስስ የዘይት ሽፋን ላይ በሚንሳፈፍ ኳስ መሰል ብረት ተደግፎ ነበር። አውሮፕላኑ ሲናጥ እርሱ ከኮከቡ ላይ ዓይኑን አያነሳም። ጋይሮስኮፖች ጥቂቷን መዛነፍ ይለካሉ፣ ካሜራ አንዲት መሪ ኮከብ ይከታተላል፣ ሞተሮችም ወዲያው ያስተካክላሉ።

እናንተ ባለትዳሮች፣ ልብ በሉ! ነፋሱን ያስቆመ ማንም የለም። የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ወጪ፣ የዘመድ ጣጣ እኛንም መናጡን አይተውም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሁለታችሁ የምትመለከቱት መሪ ኮከብ አንድ ነው? ትንሿ መዛነፍስ ሳታድር ትታረማለች ወይስ ኮከቡ ከዓይናችሁ እስኪጠፋ ትጠብቃላችሁ? ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ተጠያየቁ።