በሩን ክፈቱ፤ ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን

በመካነ ሰላም ደጋ ባቄላ የጣደች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ውሃው ይንተከተካል፣ ማገዶው ያልቃል፣ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር ነው። ምድጃው ዳር የተቀመጠው ልጅ፣ «እማዬ፣ ቆላ አክስቴ ቤት እኮ ቶሎ ነው የሚበስለው፤ እዚህ ለምንድን ነው የሚዘገየው?» ይላታል። ምን ትበለው? «ዝም ብለህ እሳቱን አንድድ» ትለዋለች። እሳቱ ይነድዳል፤ ጥያቄው ይጠፋል።

መልሱ ሩቅ አልነበረም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጫነን አየር ይሳሳል፤ ጭነቱ ሲቀልለት ውሃ ሙቀቱ ሳይበረታ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አባይ በረሃ ቢወርዱ ወደ 96 ይጠጋል። ባቄላችን የዘገየው ውሃው ፈልቶም በቂ ስላልጋለ ነው። ይህን በዓይን ለማሳየት አንድ ድስት፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ መምህር ይበቃሉ።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። መምህሩም ቴርሞሜትሩም እዚያ አይታጡም። በእናቲቱና በመምህሩ መካከል የቆመው አጥር ብቻ ነው። የዚህ ጥሪ ጉዳይም እሱ ነው፦ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ለቤተሰብ ይከፈት። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ልጅ ተያይዘው ይግቡ፤ ሳይንስን በእጃቸው ይንኩ።

ስብሰባ አልጠየቅንም። ባነር፣ የመክፈቻ ንግግርና የውሎ አበል ይቅሩብን። የጠየቅነው ጠረጴዛ ነው። በአንዱ ጠረጴዛ ላይ እርሾ የገባበት ሊጥ በጠርሙስ ተደርጎ አፉ ላይ ፊኛ ይታሰር፤ ፊኛው ቀስ እያለ ሲነፋ ልጆቹ የእንጀራን ዓይን ማን እንደሚከፍተው ያያሉ። በሌላው ሸክላ እንስራና የፕላስቲክ ጀሪካን ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ የእንስራው ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ በቴርሞሜትር ይለካ። በሦስተኛው ስለ መብረቅ ይነገር፤ በነጎድጓድ ሰዓት ከዛፍ ሥር መጠለል ለምን እንደሚገድል የተረዳ እረኛ ራሱንም ጓደኛውንም ያድናል። ከቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የሚመጣ ባለሙያ ደግሞ ስለ ጅባራው፣ ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው ያጫውተን።

«እኛ ያልተማርን ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተን ምን እንሠራለን?» የምትሉ ወላጆች፣ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወራጅ ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ነው። ዓለም ያወቀው ግኝት የተጀመረው ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ተቀብለዋል። እነዚያ ሴቶች ዕውቀቱን በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ የጎደለው ጠይቆ የሚያይ ሰው ነበር። ስለዚህ ስትመጡ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። እናንተም መምህራን፣ ስታስተምሩ ትማራላችሁ።

አንድ ሌላ ሰው ልጨምር። ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተባለው የሳይንስ ተቋም ለወጣቶች የሚሆን የገና ሰሞን የሳይንስ ትርዒት በ1825 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። መድረኩን ያስከበረው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ስድስት ትምህርት ሰጥቷል። የፋራዴይ አባት ቀጥቃጭ ነበር። በእኛ አገር የቀጥቃጭ ልጅ ምን እየተባለ እንዳደገ እናውቃለን፤ ብረቱን እየገዛን ሰውየውን ሸሽተነዋል፣ «ቡዳ» ብለነዋል። በዚያ የእሑድ ጠረጴዛ ላይ ቀጥቃጩ ወናፉን፣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ይዘው በክብር ይቀመጡ። ልጆቻችን ከፊዚክስ መምህሩ እኩል እነሱንም «መምህር» ብለው ይጥሩ።

ዩኒቨርሲቲው የተሰየመበትን አምባም እናስታውስ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ገደልና ሸለቆ አቋርጦ፣ የበሽሎ ወንዝን ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። መንገዱ በሰው እጅ ተጠረገ፤ ገመዱም በሰው ትከሻ ተሳበ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው። ያን መድፍ የሠራው ዕውቀት ግን በሕዝቡ ቤት ሥር አልሰደደም፤ ከጥቂት ባለሙያዎች ጋር መጣ፣ ከእነሱ ጋር ሄደ። ቤተሰብ ያልገባበት ዕውቀት እንዲህ ነው። ሕንፃው ይቀራል፣ ብረቱ ይቀራል፣ ጥበቡ ይሄዳል። ዛሬ በአጠገባችን የቆሙት ሕንፃዎች ሁለተኛ ሴባስቶፖል እንዳይሆኑብን!

ጊዜውም አይጠብቀንም። በክልላችን ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ልጆችን ከገበታቸው አርቋል። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ እሑድ ይህን ሁሉ አይጠግንም። ነገር ግን «ለምን?» ማለትን ያልረሳ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሮጦ ይገባል።

እንግዲህ ሥራው የደቦ ነው። የዩኒቨርሲቲው አመራሮች፣ በሩንና አንድ አዳራሽ ስጡን። መምህራን፣ በወር ሦስት ሰዓት ለግሱን። ተማሪዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ ናችሁና በልጆቹ ቋንቋ አስረዷቸው። ቄሶች፣ ሼሆች፣ ቀኑን ከቅዳሴ በኋላና ከመስጊድ ደጅ አስታውቁልን። ባለ ሱቆች፣ ፊኛውንና እርሾውን ቻሉን። ደሴ፣ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁ የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲ፣ የከለላ ልጆች፣ አንድ ማጉያ መነጽር ላኩ። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቶላታል፤ የእኛ ልጅ እዚያ እስኪደርስ ጢም ያወጣል።

ቀጠሮም አለን። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፀሐይ ትጋረዳለች፤ በግብፅ በኩል ሙሉ በሙሉ፣ በእኛ ሰማይ በከፊል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ቀለበት ሆና ታይታ ነበር፤ አሁንም ብዙ አገሮች ያዩአታል። እስከዚያ እያንዳንዱ ቤት ካርቶን በስቶ የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ ማሳረፍን ይልመድ፤ በባዶ ዓይን ፀሐይን ማየት ዓይን እንደሚያጠፋም ይወቅ። የክረምት ደመና ቢጋርደን እንኳ የቀኑን መደብዘዝ በዩኒቨርሲቲው ሜዳ አብረን እንለካለን።

በሩ ሲከፈት ምድጃው ዳር ያለው ልጅ «ለምንድን ነው?» ሲል እናቱ የምትመልሰው ይኖራታል፦ «እሑድ ሄደን እናያለን፤ እስከዚያ እሳቱን አንድድ።»