ኒቂያን ለልቦለድ ማን አሳልፎ ሰጠው?

የዳን ብራውን «የዳ ቪንቺ ኮድ» እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ከብዙ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች አፍ ቀድሞ የወጣው ቃል «አታንብቡት» የሚል ነበር። በ2004 ሊባኖስ መጽሐፉን ከገበያ አገደች። በ2005 የጄኖቫው ካርዲናል ታርቺዚዮ ቤርቶኔ ምእመናን እንዳይገዙትና እንዳያነቡት በይፋ ጠየቁ። በ2006 ፊልሙ ሊወጣ ሲቃረብ የቫቲካኑ ሊቀ ጳጳስ አንጄሎ አማቶ ካቶሊኮች እንዳያዩት ጥሪ አቀረቡ። ፊልሙ ግን ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ መጽሐፉም በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጠ። ይህ ሁሉ ታይቶም፣ እንዲህ ያለ ልቦለድ በተነሣ ቁጥር ዛሬም ያው ምክር ይደገማል፦ ምእመኑ ደካማ ነው፣ ከመርዙ ይጠበቅ። በእኔ እምነት መርዙን ያበረታው ራሱ ይህ ምክር ነው።

የልቦለዱን ታሪክ ማን የማያውቀው አለና ልተርከው? መግደላዊት ማርያም፣ የተደበቀው የዘር ሐረግ፣ ምሥጢራዊው ማኅበር፤ ይህን ሁሉ አንባቢ እንደ ተረት አንብቦ ሊያልፈው ይችል ነበር። ሰውን ያናወጠው አንድ የታሪክ አዋቂ ገጸ ባሕርይ በሳሎኑ ተቀምጦ የሚያደርገው ጭውውት ነው። ኢየሱስ እስከ ኒቂያ ጉባኤ ድረስ በተከታዮቹ ዘንድ እንደ ሰው ነቢይ ብቻ ይታይ ነበር፣ አምላክነቱ በ325 በተቀራረበ የድምፅ ብልጫ ተወሰነ፣ ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ የሚስማሙትን ወንጌሎች መርጦ ሌሎቹን አስቃጠለ ይላል። ጸሎተ ሃይማኖትን ሠላሳ ዓመት በቃሉ ያደረሰ ክርስቲያን እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ መልስ አጣ። እምነት ስላነሰው አይደለም። የሚደግመው ጸሎት ከየት እንደመጣ፣ እነማን ተከራክረውበት፣ እነማን ተሰደውበት እንደጸና የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ባዶ የተተወውን ቦታ ልቦለዱ መጥቶ ሞላው።

ቢነገረው ኖሮ ጭውውቱን ከሁለት ገጽ በላይ ባልታገሠው። በኒቂያ የመጨረሻውን ውሳኔ እስከ መጨረሻው አንቀበልም ብለው፣ ወልድ ፍጡር ነው ካለው ከአርዮስ ጋር የተሰደዱት ኤጲስ ቆጶሳት ሁለት ናቸው፤ ሴኩንዱስና ቴዎናስ፣ ሁለቱም ከሊቢያ ወገን። የተቀራረበ ድምፅ ማለት ይህ ነው? ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ የሮም አገረ ገዢው ፕሊኒዮስ ክርስቲያኖች ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ ለዘመኑ ንጉሥ ጽፏል፤ እሱ ደግሞ ክርስቲያን አይደለም፣ የሚያዳላበትም ምክንያት የለውም። ጉባኤው ያወጣቸው ሃያ ቀኖናዎችም በእጃችን አሉ። የመጀመሪያው ራሱን ስለሰለበ ካህን ነው፣ ሌላው ካህናት በአራጣ እንዳያበድሩ ይከለክላል፣ የመጨረሻው በእሑድ ስለ መስገድ ነው። ስለ መጻሕፍት ምርጫ ከሃያው አንዱም አይናገርም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የንጉሡ ነገር ነው። «አምላክነቱን የደነገገው ቤተ መንግሥት ነው» የሚለውን ክስ ለመመለስ የእኛ አገር ታሪክ ከማንም የተሻለ ምስክር ይዞ ተቀምጧል። ቆስጠንጢኖስ ከጉባኤው በኋላ ብዙ ሳይቆይ ለአርዮስ ወገኖች ልቡን አራራ። የኒቂያን እምነት የሙጥኝ ያለውን የእስክንድርያውን ጳጳስ አትናቴዎስን በ335 ወደ ትሪየር ያሰደደው እሱ ራሱ ነው። በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀውም የአርዮስ ወዳጅ የነበረው የኒቆሜዲያው አውሳብዮስ ነው። ልጁ ቆስጠንጢዮስ ደግሞ ኒቂያን ለመሻር የመንግሥቱን ኃይል ሁሉ አሰለፈ። አትናቴዎስ በአራት ነገሥታት ዘመን አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ ከመንበሩ ርቆ የኖረው ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ይጠጋል። ነገሥታቱ ኒቂያን ፈጥረውት ቢሆን ኖሮ ጠባቂውን ለምን ያሳድዱ ነበር?

ያ ማሳደድ አክሱም ድረስ ደርሷል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነበር። በ356 ገደማ ቆስጠንጢዮስ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ በአትናቴዎስ መንበር ላይ ባስቀመጥነው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ ይመርመር የሚል ነው። ደብዳቤው ጠፍቶ ያልቀረው አትናቴዎስ ራሱን ሲከላከል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለገለበጠው ነው። የዓለም ኃያል የሆነ ንጉሥ የክርስቶስን አምላክነት የሚያስተምርን አንድ ጳጳስ ከሩቅ አገር ለማስነሣት ብዕሩን አነሣ! በልቦለዱ ገጾች ላይ የተሣለው ንጉሥ የዚህ ተቃራኒ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ አንድ የሰንበት ተማሪ የዳን ብራውንን የታሪክ አዋቂ ብቻውን ሊመልሰው ይችል ነበር።

የመጻሕፍቱም ክስ እንዲሁ ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ይፈርሳል። ቆስጠንጢኖስ በኒቂያ ቆርጦ ጨርሶት ከሆነ አትናቴዎስ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ367፣ ሃያ ሰባቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በመልእክቱ መዘርዘር ለምን አስፈለገው? ኒቂያን ተቀብላ፣ ኅዳር 9 ቀን የጉባኤውን አባቶች ሠለስቱ ምዕትን የምታስብ፣ በስማቸው የሚጠራ ቅዳሴ ያላት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንስ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍትን እንዴት ያዘች? ከእነዚህ አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን አላዩትም ነበር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የአረማይስጡ ቁርጥራጭ በቁምራን ዋሻዎች ተገኘ። ንጉሥ አዞ ያስቃጠለው ቢሆን በየገዳሙ በብራና እየተገለበጠ አይኖርም ነበር። መጻሕፍት የሚኖሩት ሲነበቡና ሲገለበጡ ነው፤ የሚጠፉትም በአብዛኛው የሚገለብጣቸው ሲያጡ ነው።

«ይህን ሁሉ ተራ ምእመን ሊሸከመው አይችልም፣ ደካማው ይሰናከላል» የሚሉ አሉ። በነገረ መለኮት እየተከራከረ በየገበያው የጮኸው የአራተኛው ክፍለ ዘመን ሕዝብ ከዛሬው ምእመን የበለጠ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር? የአርዮስ ወገኖች ትምህርታቸውን በመርከበኞችና በወፍጮ ሠራተኞች ዜማ ያስፋፉ ነበር፤ አባቶችም የመለሱት ሕዝቡን ዝም በማሰኘት አልነበረም። በምዕራቡም ዓለም እንደ ዳረል ቦክና ኤሚ ዌልቦርን ያሉ ጸሐፊዎች በ2004 ጥሩ የመልስ መጻሕፍት አውጥተዋል። ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም እሳቱ ከተነሣ በኋላ የመጣ ውኃ ነው። ልቦለዱ በሚያነሣው በፓሪስ የቅዱስ ሱልጲስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ያደረጉት የበለጠ ደስ ይለኛል። በመስኮቱ ያሉት ሁለት ፊደላት የጴጥሮስና የሱልጲስ ስም መነሻ እንጂ የምሥጢር ማኅበር ምልክት አለመሆናቸውን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጎብኚው ለጠፉ። መጽሐፉን ይዞ የመጣውን አንባቢ አላባረሩትም፤ እውነቱን ነገሩት።

በእኛ ዘንድ ያለው ጉድለት የሚያሳዝነኝ ሀብቱ በእጃችን ስላለ ነው። የሃይማኖተ አበው ትርጓሜ በጉባኤ ቤት በሰፊው ይሰማል፤ ወደ ምእመኑ ጆሮ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት የሚለው የኒቂያ አባቶች ቁጥር ብቻ ነው። የጉባኤው ክርክር፣ የአትናቴዎስ ስደት፣ የቆስጠንጢኖስ ማመንታት ጭምር በቤቱ ቋንቋ ቢነገረው አንድም ልቦለድ አያስደነግጠውም፤ ከዚህ በኋላ የሚጻፈውም ቢሆን። ኅዳር 9 በየዓመቱ ይመጣል። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ የቆስጠንጢዮስ ደብዳቤ በአማርኛ ይነበብለት።