ወንበሩ ሲነቃነቅ የተፈታ አንደበት



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሰሞኑን ሬዲዮ የከፈተ፣ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሁሉ አንድ ነገር ሳይታዘብ አልቀረም። ለዓመታት ስለ ሁለት አሃዝ እድገት እንጂ ስለ ሌላ ነገር መስማት የማይፈልጉ ባለስልጣናት ዛሬ ስለ አገሪቱ ችግር ከኛ በላይ ያወራሉ። የመልካም አስተዳደር እጦት ይላሉ፤ የፍትህ መጓደል ይላሉ፤ የህዝብ ብሶት ይላሉ። እኛ በ2004 አወሊያ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን እነዚህኑ ቃላት ስንናገር «አክራሪ» ተባልን። ዛሬ ቃላቶቹ ባለቤት ቀይረው ከቤተ መንግስት ይደመጣሉ። አንደበታቸውን የፈታው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ወንበሩ ተነቃንቋል።

ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። ታህሳስ 25 ቀን 2010 የኢህአዴግ አራት ድርጅቶች መሪዎች ከሁለት ሳምንት በላይ ከፈጀ ዝግ ስብሰባ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው መግለጫ ሰጡ። ለቀውሱ ተጠያቂው አመራሩ ነው አሉ፤ እስረኞች ይፈታሉ፣ ማዕከላዊም ይዘጋል አሉ። ህዝቡ በደስታ ስልክ መደዋወል ከመጀመሩ ማስተካከያ ተከተለ፦ የሚፈቱት «የፖለቲካ እስረኞች» ሳይሆኑ ፖለቲከኞችና ሌሎች ግለሰቦች ናቸው ተባለ። በኢትዮጵያ የፖለቲካ እስረኛ የለምና! የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የመፍትሄው አካል ለመሆን ስልጣን እለቃለሁ ብለው አስታወቁ። በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መፍትሄ ተብሎ የመጣው ሰው ሲሄድ የቀረልን ወታደሩ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የባለስልጣኖቻችን አማርኛ ሰሞኑን ባለቤቱን ያጣ አማርኛ ሆኗል። «ስህተት ተፈጽሟል» ይላሉ እንጂ «እገሌ ፈጸመ» አይሉም። «ዜጎች ተጎድተዋል» ይላሉ፤ ማን ጎዳቸው ሲባል አመራሩ ይላሉ፤ አመራሩ ማነው ሲባል ሁላችንም ይላሉ። ሁላችንም ማለት ደግሞ ማንም ማለት ነው። ይህ ቋንቋ የደረሰበትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። መጋቢት 1 ቀን በሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ኮማንድ ፖስቱ ዘጠኝ ሰዎች መሞታቸውን አምኖ ምክንያቱ «የተሳሳተ መረጃ» ነው አለ። ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ለነሱም የተሰጣቸው ያው ቃል ነው፤ ስህተት።

እኛ ይህን ቃል እንኳ አላገኘንም። ታህሳስ 2004 የአወሊያ መምህራን ሲባረሩ ስህተት ነበር ያለን የለም። ከሊባኖስ የመጣ አስተሳሰብ በፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር አስተባባሪነት በስልጠና ስም በኢማሞቻችን ላይ ሲጫን፣ ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 11 መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ማለቱን የሚያስታውስ ሚኒስትር አልተገኘም። በሚያዝያ 2004 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓርላማ ቀርበው ስለ አልቃኢዳ ሕዋስ ሲናገሩ የምክር ቤቱ አባላት አዳመጡ እንጂ «እነዚህ ሰዎች እኮ የጠየቁት የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዳቸው እንዲሆን ብቻ ነው» ያለ አልነበረም። መስከረም 27 ቀን 2005 ምርጫውን ወደ ቀበሌ ወሰዱት። በዚያው ሰሞን አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ምክር ቤት ቀርበው መንግስት በሃይማኖት ጣልቃ እንደማይገባ ተናገሩ። የመጅሊስ ድምፅ በቀበሌ አዳራሽ ሲቆጠር ማለት ነው!

አሳሳ ላይ፣ ገርባ ላይ፣ ኮፈሌ ላይ የወደቁ ወንድሞቻችንን አላህ ይዘንላቸው። ለነሱም መግለጫ ተሰጥቶ ነበር፤ መግለጫው ግን በሟቾቹ ላይ የቀረበ ክስ ነበር። «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በጥር 2005 በአገሪቱ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ኮሚቴዎቻችን ገና ፍርድ ቤት እየተመላለሱ ነበር። ስርጭቱን የሚያግድ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ነበር። ዛሬ ስለ ፍርድ ቤት ነጻነት የሚናገሩት ባለስልጣናት ያን ምሽት ቴሌቪዥናቸው ተበላሽቶ ነበር ብለን በመልካም እንጠርጥርላቸው።

ወደ ፓርላማው እንመለስ፤ እዚያ ያልተወራ ጉድ አለ። በግንቦት 2007 ምርጫ ኢህአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። አንድም አልቀረም። ምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእነሱ በሆነ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አገሪቱን ያለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስተዳደር አቃታቸው። መስከረም 2009 የታወጀው አዋጅ አስር ወር ቆየ፤ «ጥልቅ ተሃድሶ» ተባለ፣ ካቢኔው ተበወዘ፤ ከተነሳ ከወራት በኋላ ያው አዋጅ ተመልሶ መጣ። የካቲት 23 ቀን ለማጽደቅ ተሰበሰቡ። ዕለቱ የአድዋ በዓል ነበር፤ ጁምዓም ነበር። አፈ ጉባኤው 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ ብለው አስታወቁ። ሕገ መንግስቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ 346 ደግሞ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ያልሞላው ከስብሰባው በኋላ ሞላ። ድጋፉ 395 ነበር፣ ቆጠራ ላይ ስህተት ነበር ተባለ። (አሁንም ስህተት!)

ወገኖቼ፣ ይህ ሂሳብ ለኛ አዲስ አይደለም። 346ን 395 ማድረግ የቻለው ቆጠራ አንዋር መስጂድን ሞልቶ እስከ መርካቶ መንገዶች የፈሰሰውን ሕዝብ ለዓመታት «ጥቂቶች» ሲል የኖረው ያው ቆጠራ ነው። እነሱ ሲያንሱ ይበዛሉ፤ እኛ ስንበዛ እናንሳለን። ይሁንና ፍትሃዊ መሆን ግዴታችን ነውና 88ቱን ሰዎች እናመሰግናለን።  እጃቸውን ለማንሳት ስንት ሰው መሞት እንደነበረበት ግን እነሱም ማታ ማታ ያስቡት።

የተቃዋሚ ፖለቲከኞቹም ጉዳይ አለ። ይህን የምንጽፈው በቅሬታ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከኛ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የታሰሩ፣ አንድ ብርድ ልብስ የተካፈሉ ናቸው። ሰማያዊ ፓርቲ ግንቦት 25 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጣ የኮሚቴዎቻችንን መፈታት ከጥያቄዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር፤ ያን ውለታ አንረሳም። ግን ሁሉም እንዲያ አልነበሩም። የስልጣን ጥማት ያለበት ሁሉ ቀውሱን እንደ ሰርግ ቤት አይቶ በየጣቢያው «የሽግግር መንግስት» ሲል ይደመጣል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ደግሞ የሽግግር መንግስት ብሎ ነገር የለም ሲሉ በቴሌቪዥን መለሱ። አንዱ ወንበሩን ይጠይቃል፤ ሌላው ወንበሩን ይከለክላል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ነገ በየትኛው ሕግ እንደሚገዛ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 በ2010ም በስራ ላይ ነበር። ኮሚቴዎቻችን ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት የተፈረደባቸው በዚህ አዋጅ ነው። ያን ጊዜ ቤተ መንግስት የሚገባው ማንም ይሁን ይህን ካራ ጠረጴዛው ላይ ተስሎ ያገኘው ነበር። ካራውን ትቶ ስለ ገበታው የሚጣላ ፖለቲከኛ ለኛ ምን ሊረባን ነው?

የውጭዎቹም ተናግረዋል። የአሜሪካ ኤምባሲ በአዋጁ በጽኑ እንደማይስማማ በመግለጫ አስታወቀ። ብዙዎቻችን በደስታ ለጓደኞቻችን አስተላለፍነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሬክስ ቲለርሰን አዲስ አበባ መጥተው ከዚሁ መንግስት ጋር ተጨባብጠው ሄዱ፤ የሩሲያው ሰርጌይ ላቭሮቭም ወዲያው ተከተሉ። እነሱ ጥቅማቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ጥቅማቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ብዙ አንበል።

አሁን ወደ ራሳችን። ይህን ጽሁፍ እንድንጽፍ ያስገደደን በመስጂዶቻችን በረንዳ ላይ የሚሰማ አንድ ሹክሹክታ ነው። «ትንሽ ሰብር አድርጉ፣ የኛ ሰው ሊመጣ ነው» ይባላል። አንዱ የእገሌን ስም ያነሳል፣ ሌላው የእገሌን አባት ሃይማኖት ያሰላል። ውድ ወንድሞች፣ ይህን አዋጅ በመግለጫ ያብራሩልን የወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር ስማቸው ሲራጅ ፈጌሳ ነው። ስማቸው ከስማችን ይመሳሰላል፤ አዋጁ ግን መስጂድ ደጃፍ ሲደርስ ስም አይጠይቅም። የቀበሌውን መጅሊስ ወንበር የያዙትም ስማቸው የኛው ስም ነው፤ ልጆቻችን ሲታሰሩ ምን እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። ስልጣን አማና ነው። ሰውየው አማናውን መጠበቁን የምናውቀው በስራው እንጂ በስሙ አይደለም። ሰብርም ቢሆን በዙልም ላይ ዝም ማለት ሆኖ አያውቅም። እጃችንን አጣምረን፣ ቢጫ ወረቀት ይዘን፣ አንድ ጠጠር ሳንወረውር ዓመታት የቆምነው ሰብር አድርገን ነው። ሰብርን ከኛ ጋር የሚያስተዋውቀን ካድሬ አያስፈልገንም።

«ታዲያ ልጆቹ ተፈተው የለም ወይ?» የሚልም አለ። አልሐምዱሊላህ! ከፊሎቹ ቀደም ብለው፣ ኡስታዝ አህመዲን ጀበልና ሌሎች ወንድሞች ደግሞ በየካቲት 2010 ወጥተዋል። እናቶቻቸው አቅፈዋቸዋል፤ ይህን ደስታ ማንም አይቀማንም። ነገር ግን የተፈቱበትን ወረቀት እንመልከተው። ይቅርታ ነው የሚለው። ይቅርታ የሚደረገው ለበደለ ነው። እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌ ያልሰሩትን ሰርተናል ብላችሁ ፈርሙ ሲባሉ እምቢ ማለታቸው ይህንኑ ልዩነት ስላወቁ ነው። መንግስት «ይቅር ብያችኋለሁ» ሲል ራሱን ዳኛ፣ እኛን ጥፋተኛ አድርጎ ፋይሉን ሊዘጋ ነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በጥር ወር 528 ሰዎች እንደሚፈቱ ሲያስታውቁ ቁጥሩን ነገሩን እንጂ እነዚህ ሰዎች በሐሰት በተከሰሱበት ዶሴ የፈረመው ማን እንደሆነ አልነገሩንም።

ስለዚህ ፖለቲከኛ ወደ መስጂዳችን ደጃፍ ሲመጣ፣ ከገዢውም ከተቃዋሚውም ይሁን፣ በክብር እንቀበለው፤ ሻይም እናቅርብለት። ከዚያ በ2004 የጠየቅነውን እንጠይቀው። መጅሊሱ ሕዝቡ በመስጂዱ በመረጣቸው ሰዎች የሚተካው መቼ ነው? አወሊያ ለነጻ ቦርድ የሚመለሰው መቼ ነው? መንግስት እምነት ከማስተማር ስራ እጁን የሚያነሳው መቼ ነው? «መጀመሪያ አገር ይረጋጋ» ካለ፣ አገሪቱ ባልተናጋችበት በ2004 ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ እስር እንደነበር እናስታውሰው። «ጉዳዩ ይጠናል» ካለ ቀን ይቁረጥልን። መልስ ከሌለው ሻዩን ጠጥቶ ይሂድ።

ማዕከላዊንም ሙዚየም እናደርገዋለን ብለዋል። ጥሩ ነው። ሥራውን ሲጀምሩ ግን ጎብኚ ሆነው ለሚገቡ እንግዶች ከማስዋባቸው በፊት እዚያ የታሰሩ ሰዎችን ይጥሩና የትኛው ክፍል ውስጥ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው እነሱ ይንገሯቸው። ኮሚቴዎቻችን ክፍሎቹን በጨለማም ያውቋቸዋል።