ከየፍላሹ የተለቃቀመ ላይብረሪ ማሽን አያስነሳም

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ኔትወርክ የሚማር ሰልጣኝ ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ለማስነሳት ሦስት ቀን ታግሎ ሲያቅተው የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሊኑክስ ለአንተ አይሆንም፤ ዊንዶውስህን ጫንና ተገላገል።» ሰልጣኙም ያምናል። ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። ችግሩ ሶፍትዌር ወደ ከተማው የሚገባበት መንገድ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከአንዱ ፍላሽ፣ ሌላው ከቴሌግራም፣ ሦስተኛው ከጓደኛ ስልክ። ይህን መንገድ ለማስተካከል ደግሞ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ሃርድ ዲስክና አንድ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ይበቃል።

*ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?*

ሰርቨር መትከልና ማስተዳደር የሚማር ሰው ለልምምድ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒውተር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሰርቨር፣ አንዱ ተጠቃሚ፣ አንዱ ራውተር ሆኖ እንዲሠራ። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ሦስት ኮምፒውተር የሚሰጥ ኮሌጅ በምዕራብ ጎጃም ቀርቶ በአዲስ አበባም አይጠበቅም። ቨርቹዋላይዜሽን አንዱን ላፕቶፕ ሦስት ያደርገዋል። ያለ ዴስክቶፕ ገጽታ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ሰርቨር አንድ ጊጋባይት ራም እንኳ ይበቃዋል። ቢበላሽ ተሰርዞ እንደገና ይጀመራል፤ ማንም አይጎዳም። ለሲኦሲ ምዘና የሚዘጋጅ ልጅ የላብ ተራ ሳይጠብቅ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ቤቱ ሆኖ መለማመድ ይችላል። ይህ በር ሲዘጋበት ትምህርቱ ከወረቀት አያልፍም። ምዘናው ላይ ሲቀርብ ሰርቨር ሲነካ የመጀመሪያው ይሆናል።

*ግጭቱ ከየት ይመጣል?*

ላይብረሪ ማለት ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። ፕሮግራሙ ምስጠራ ሲያስፈልገው ከአንዱ፣ ቪዲዮ ሲያስፈልገው ከሌላው ይዋሳል። በሊኑክስ ላይ ከሁሉም በታች ያለው መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ጂሊብሲ የሚባለው ነው። ኡቡንቱ 20.04 የያዘው ጂሊብሲ 2.31 ነው፤ 22.04 የያዘው 2.35፣ 24.04 የያዘው 2.39። በአዲሱ ላይ የተገነባ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ ላይነሳ ይችላል። «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚለው መልእክት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የጎጃም ገበሬ ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ማረሻው በእርፉ ጫፍ ልክ ካልገባ፣ በሬው የቱንም ያህል ቢጎትት እርሻው እርሻ አይሆንም። ማረሻው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ እርፍ የተሠራ ስለሆነ ነው።

አሁን አንድ ሰልጣኝ ኡቡንቱ 22.04 አለው እንበል። ከባሕር ዳር በፍላሽ የመጣለት ቨርቹዋልቦክስ 6.1 ግን ለ20.04 የተገነባ ነው። ኦራክል ቨርቹዋልቦክስን የሚያዘጋጀው ለየኡቡንቱ እትሙ ለየብቻ ነው፤ በፋይሉ ስም ውስጥ «ፎካል» ካለ ለ20.04፣ «ጃሚ» ካለ ለ22.04 ማለት ነው። ይህን ለልጁ የነገረው የለም። ለመጫን ሲሞክር ሊብቪፒኤክስ 6 የለም ይባላል፤ የእሱ ኮምፒውተር ያለው 7 ነው። 6ን ከሆነ ቦታ ፈልጎ ያመጣል። ቀጥሎ ኦፕንኤስኤስኤል 1.1 ይጠየቃል፤ 22.04 ግን ወደ 3 ተሻግሯል። እሱንም ከሌላ ፍላሽ ይገለብጣል። አንዱ ሌላውን እየጠራ ዝርዝሩ ይረዝማል።

በመጨረሻ «በግድ ጫነው» የሚል መካሪ ይመጣል። ልጁ ጂሊብሲውን ራሱን ከሌላ እትም ባመጣው ይተካዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፋይል የሚዘረዝረው ትእዛዝ እንኳ አይሠራም፤ ሁሉም የቆሙበት መሠረት ተነቅሏል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛም ወጥመድ አለ። ቨርቹዋልቦክስ ላይብረሪው ሁሉ ተሟልቶለት እንኳ በከርነሉ ውስጥ የሚገባ የራሱ ሞጁል አለው። ይህ ሞጁል የሚገነባው እየሠራ ካለው ከርነል ጋር ቁጥሩ በትክክል በሚገጥም የሄደር ፓኬጅ ነው። ሄደሩ ከሌለ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ማሽኑ ግን አይነሳም፤ «የከርነል ድራይቨር አልተጫነም» ብሎ ስህተት ቁጥር 1908ን ያሳያል። ኢንተርኔት ያለው ሰው ሄደሩን በአንድ ትእዛዝ ያወርዳል። ኢንተርኔት የሌለው ደግሞ እንደገና ፍላሽ ፍለጋ ይወጣል።

*ዓለምን ያስቸገረ ነገር ነው*

ይህ የገጠር ከተማ ልጅ ድክመት ነው የሚል ካለ ሊኑክስን የፈጠረውን ሰው ያስታውስ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2014 በፖርትላንድ በተካሄደው የዴቢያን ጉባኤ ላይ በዚሁ ጉዳይ አማርሯል። ለጠላቂዎች የሚያገለግለው ሰብሰርፌስ የተባለ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስና ለማክ ተዘጋጅቶ ሲታደል፣ ለሊኑክስ ግን በየስርጭቱና በየእትሙ ለየብቻ መገንባት ራስ ምታት መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። የከርነሉን ባለቤት ያስመረረ ነገር የቡሬን ሰልጣኝ ሦስት ቀን ቢያስቸግረው አያሳፍርም።

ልዩነቱ ሌላ ነው። ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ሰው ከየቦታው አይለቃቅምም። ኮምፒውተሩ የእትሙን ሙሉ ማከማቻ ያያል፤ የሚያስፈልገውን ላይብረሪ ከነጥገኞቹ፣ በትክክለኛው ቁጥር፣ ራሱ መርጦ ያመጣል። ግጭት ያለው እሱም ዘንድ ነው፤ ግን መፍቻው አጠገቡ ነው። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ የሚደርሰው ከማከማቻው የተቆረሰ ፍርፋሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘልቅ ፍርፋሪውም ከመንገድ ቀርቷል። ኢንተርኔት ሲኖርም ቢሆን በጊጋባይት የሚቆጠር ነገር በስልክ ፓኬጅ ማውረድ የቤተሰብ ገንዘብ ነው።

*አንድ እትም፣ አንድ ማከማቻ*

መፍትሔው ከሚታሰበው ይቀላል። ኮሌጆቹ አንድ የሊኑክስ እትም ይምረጡ፤ ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ፣ ማለትም 5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝ የኡቡንቱ ኤልቲኤስ ወይም የተረጋጋ ዴቢያን ይሁን። የዚያን እትም ሙሉ ማከማቻ፣ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ብቻ፣ አፕት ሚረር በተባለው ነፃ መሣሪያ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያውርዱ። አንድ ቴራባይት ይበቃዋል። ማውረዱ የተሻለ መስመር ባለበት፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በኩል ሊሠራ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓስ ስላለው መንገዱ አዲስ መቆረጥ የለበትም። ዲስኩ በአውቶቡስ ይመጣል፣ በላቡ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ያለ ምንም ኢንተርኔት በኬብል ከእሱ ይጭናሉ። ቤቱ መለማመድ የሚፈልግ ሰልጣኝም ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ውሳኔ የትኛውን ሶፍትዌር የሚለው ነው። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ነው። ከእሱ ጋር የሚሠሩት ኪዩኤምዩ፣ ሊብቨርትና ቨርት ማኔጀር በእትሙ ማከማቻ ውስጥ አብረው የተፈተኑ ናቸው። ለከርነሉ ለብቻው የሚገነባ ሞጁል አይጠይቁም። ቨርቹዋልቦክስ የግድ ነው የሚል አሰልጣኝ ካለም ከውጭ የመጣውን ትቶ በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ ያለውን ይጠቀም። ዋናው ነገር ሁሉም ከአንድ ጎተራ ይምጣ።

*የሚነሱ ተቃውሞዎች*

«ማከማቻው ያረጃል» ይባላል። እውነት ነው፤ በየሴሚስተሩ ዲስኩ ተመልሶ ሄዶ መታደስ አለበት። ሁለተኛው ጉዞ ግን የተቀየረውን ብቻ ስለሚያወርድ እንደ መጀመሪያው አይከብድም። ስድስት ወር የቆየ፣ እርስ በርሱ የሚገጥም ማከማቻ ትናንት ከወጣ፣ ከማይገጥም ፓኬጅ ይሻላል።

«በፍላሽ የሚመጣ ነገር ቫይረስ አለው» ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኡቡንቱና የዴቢያን ማከማቻ በዲጂታል ፊርማ የታሸገ ነው። በኢንተርኔት ይምጣ በአውቶቡስ፣ አፕት ፊርማውን ይፈትሻል፤ በመንገድ የተነካካ ፓኬጅ ካለ አይቀበልም። ከቴሌግራም የወረደና ለብቻው የሚጫን ፓኬጅ ግን ይህ ፍተሻ አይደረግለትም። ስለዚህ ሙሉው ማከማቻ በደኅንነትም ከፍርፋሪው ይበልጣል።

«ዊንዶውስ ይቅለላቸው» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የበረታው ነው፤ ምክንያቱም ለዛሬው ቀን እውነት ነው። የተሰበረ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ላይ ቨርቹዋልቦክስ በሁለት ጠቅታ ይነሳል። ግን ልጁ የተሰበረ ፈቃድ ይዞ ወደ ሥራ ሊገባ ነው። የዓለም ሰርቨሮች ብዛት ያላቸው በሊኑክስ የሚሠሩ ስለሆኑ ዛሬ ያመለጠው ነገ ሥራው ላይ ይጠብቀዋል። የላይብረሪ ግጭትን ማንበብና መፍታት ራሱ ሙያ ነው። የሚማረው ሰው ግን መማሪያው በእጁ ሊኖር ይገባል፤ ፍላሽ ሲያሳድድ የሚውል ልጅ የሚማረው መለመንን ነው።

*እስከዚያው የተቸገረ ሰልጣኝ ምን ያድርግ?*

1. ከማንም ፓኬጅ ከመቀበሉ በፊት የራሱን እትም ቁጥርና የኮድ ስም ይወቅ። ፎካል፣ ጃሚ፣ ኖብል፤ የማይገጥመውን «አይሆነኝም» ብሎ ይመልስ።

2. የስህተት መልእክቱን ከላይ ጀምሮ ያንብብ። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ መጀመሪያ የተጠራው ላይብረሪ ላይ ነው፤ የተቀረው የእሱ ጥላ ነው። «አፕት ፖሊሲ» የሚለው ትእዛዝ የትኛው ቁጥር እንደተጫነና ከየት እንደመጣ ያሳያል።

3. ከውጭ የመጣውን ፓኬጅ ያስወግድና አፕት የተሰበረውን እንዲጠግን ይዘዝ። ሌላ ባዕድ ፓኬጅ መጨመር ቁስሉን ያሰፋዋል።

4. ጂሊብሲን በምንም ምክንያት በግድ አይተካ። ከተካው በኋላ የነቃ ደግሞ በላይቭ ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ፋይሎቹን ያውጣና እንደ አዲስ ይጫን። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

5. ማሽኑ አልነሳ ካለ ወደ ላይብረሪ ከመሮጡ በፊት ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን ይመልከት። ብዙ ላፕቶፕ ተዘግቶ ነው የሚመጣው።

እነዚህ አምስቱ አንድን ልጅ ያወጡ ይሆናል። ከእሱ ቀጥሎ የሚገባው ባች ግን በዚያው መንገድ ይመጣል። አሰልጣኞች ይህን በየዓመቱ ያዩታል፤ «ቲቸር፣ ላፕቶፔ አልነሳ አለ» የሚል ሰልጣኝ በየሴሚስተሩ አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መልስ ከመስጠት ሃርድ ዲስኩን አንድ ጊዜ መሙላት ያተርፋል። ይህን ለማድረግ የሚኒስቴር ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ዲፓርትመንት፣ አንድ ዲስክና ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አንድ ሰው ይበቃል።