የገዳሪፍ ሙጫና የካላ አዛር መድኃኒት

ከመተማ ማዶ፣ ከጋላባት ወዲያ የሚዘረጋው የሱዳኗ ገዳሪፍ ጥቁር ዋልካ መሬት የቀይ ግራርና የበደኖ አገር ነው። ሱዳኖች «ጠልህ» የሚሉት ይህ ቀይ ግራር ሙጫ ይሰጣል። በበጋ ዋልካው ሲሰነጣጠቅ ደግሞ ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚሁ የግራር ጫካ፣ በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ትጠለላለች። ሙጫውም በሽታውም የሚወጡት ከአንድ መሬት ነው። የመድኃኒት ማጓጓዣ ቁሶች ሳይንስ ሁለቱን በቤተ ሙከራ ካገናኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ሙጫውን የሚለቅመውና በበሽታው የሚሰቃየው ሕዝብ ግን የዚህ ሳይንስ ፍሬ ገና አልደረሰውም።

የሙጫው ዋና ምንጭ ሃሻብ የተባለው የግራር ዓይነት ነው። ክረምቱ አልፎ ዛፉ ቅጠሉን ማራገፍ ሲጀምር፣ ለቃሚው «ሶንኪ» በሚባል ረጅም እጀታ ባለው ስለታም ብረት የቅርንጫፉን ልጥ ይልጠዋል። ዛፉ ከቁስሉ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ፈሳሹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደርቆ ወርቃማ እንክብል ይሆንና በእጅ ይለቀማል፤ ለቃሚው ከዚያ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል። የጠልህ ሙጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዛፉ ሳይበጣ በራሱ ይፈልቃል፤ ዋጋውም ከሃሻቡ ያንሳል። ዓለም ለለስላሳ መጠጥ፣ ለከረሜላ፣ ለቀለምና ለመድኃኒት ከሚጠቀምበት የግራር ሙጫ አብዛኛው ከሱዳን ይወጣል። አሜሪካ በሱዳን ላይ ማዕቀብ ጥላ በነበረበት ዘመን እንኳ ሙጫው እንዲገባ ፈቅዳለች።

በኬሚስት ዓይን ሙጫው ፖሊመር ነው፤ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ግዙፍ ሞለኪውል። ጋላክቶስ፣ አራቢኖስና ራምኖስ ከተባሉ ስኳሮችና ከግሉኩሮኒክ አሲድ የተገነባ ሲሆን ጥቂት ፕሮቲንም አለበት። የፖሊመር ሰንሰለቶች እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሙም፤ ውሃውን ይዘው ያብጣሉ እንጂ፣ ልክ የአብሽ ዱቄት ሲዘፈዘፍ እንደሚያደርገው። እንዲህ ያለው ቁስ ሃይድሮጄል ይባላል። ቼኮስሎቫኪያውያኑ ኦቶ ዊችተርሌና ድራሆስላቭ ሊም እ.ኤ.አ. በ1960 ሃይድሮጄል ለሰው ገላ የሚስማማ ቁስ መሆኑን አሳዩ፤ ለስላሳው የዓይን ሌንስ የተገኘው ከዚያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ አሜሪካውያኑ ሮበርት ላንገርና ጁዳ ፎክማን እንደ ፕሮቲን ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ከፖሊመር ውስጥ ቀስ እያሉ ለረጅም ጊዜ እንዲወጡ ማድረግ እንደሚቻል አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ የፋርማሲ ሳይንስ ከመድኃኒቱ ጎን መድኃኒቱን የሚሸከመውን ቁስ አጥብቆ ያጠናል፤ መቼ፣ የት፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለቀው የሚወስነው ተሸካሚው ነውና።

ይህ የተሸካሚው ጉዳይ በካላ አዛር ላይ ጎልቶ ይታያል። በሽታውን የሚያመጣው ሌሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ተሐዋሲው ሰውነትን ሊከላከሉ በተፈጠሩት ማክሮፋጅ በተባሉ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ይከትማል። ሕመምተኛው ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቀውም፤ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። የፖለቲካው ድንበርም በሽታውን አያግደውም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ወደ ሁመራ፣ ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ የሚወርዱት «ሳሉግ» የሚባሉት ሠራተኞች ሰውነታቸው በሽታውን ስላልለመደው ቶሎ ይጠቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የታወቀው ወረርሽኝም ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች በኩል እንደገባ ይታመናል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ ከትግራይ ተሰደው በኡም ራኩባና በቱናይድባህ መጠለያዎች የሰፈሩት ኢትዮጵያውያንም ያረፉት በዚሁ የካላ አዛር ግዛት ነው።

ሕክምናው ለአሥርት ዓመታት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በተባለው መድኃኒት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። መርፌው በየቀኑ ለ30 ቀናት ይወጋል፤ ያማል፤ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳም ይችላል። የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የዩጋንዳ ተመራማሪዎች በገዳሪፏ ኡም ኤል ኸይር፣ በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሌሎች ማዕከላት ባካሄዱት ጥናት መድኃኒቱ ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ 17 ቀን እንደሚበቃ ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ መክሯል። ቆየት ብሎም በገዳሪፏ ዶካ፣ በጎንደርና በአብደራፊ ጭምር የተካሄደ ሌላ ጥናት፣ ሚልቴፎሲን የተባለው መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀናት ሲሰጥ ከ91 በመቶ በላይ ታካሚዎችን እንደፈወሰ አሳይቷል።

የተሸካሚው ነገር ከሁሉ በላይ የታየው ግን በአምፎቴሪሲን ቢ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከቬንዙዌላ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የተወሰደው ይህ መድኃኒት የሌሽማንያን ሽፋን በስቶ ይገድላል፤ ነገር ግን ኩላሊት ይጎዳል፣ ሲሰጥም ብርቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ያመጣል። መፍትሔው ሊፖዞም በተባለች የስብ ከረጢት ውስጥ መክተት ሆነ። ከረጢቷ ከ100 ናኖሜትር ታንሳለች። የጣፊያና የጉበት ማክሮፋጆች እንደ ባዕድ ነገር አይተው ይውጧታል፤ መድኃኒቱም ተሐዋሲው በተደበቀበት ሴል ውስጥ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚጠቀለለው 50 ሚሊግራም በያዘ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ነርሷ በቢጫው ዱቄት ላይ 12 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ ትጨምርበታለች፤ ለግማሽ ደቂቃ አጥብቃ ትንጠዋለች፤ በማጣሪያ አሳልፋ ከግሉኮስ ጋር ትቀላቅለዋለች። በጨው ውሃ ከተበጠበጠ ይበላሻል። በምሥራቅ አፍሪካ የሚመከረው ጠቅላላ መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ብልቃጥ ያስፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ብልቃጡ ውድ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትም መቀመጥ የለበትም። የገዳሪፍ ሙቀት ግን በሚያዝያ 40 ዲግሪ ያልፋል። ሌላም አለ። በሕንድ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም ከ100 ሰው 95 ያህሉን ፈውሷል። ያው መጠን በሱዳንና በኢትዮጵያ ሲሞከር የፈወሰው 58 በመቶ ብቻ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ስለዚህ በሌላ አገር የሠራ ሕክምና እዚህም እንዲሁ ይሠራል ተብሎ አይታመንም፤ ጥናቱ በሽታው ባለበት ምድር መደረግ አለበት።

ሙጫው ወደ ታሪኩ የሚገባው ሌላ የመድኃኒት ተሸካሚ ሊሆን ስለሚችል ነው። በደቡብ ሕንድ ቲሩቫናንታፑራም በሚገኘው ስሪ ቺትራ ቲሩናል ተቋም፣ የፖሊመር ሳይንቲስቱ ጃያክሪሽናን ከባልደረባቸው ከኒሺ ጋር ሆነው የግራርን ሙጫ ፔሪዮዴት በተባለ ኬሚካል ኦክሲድ አደረጉት። የስኳሩ ቀለበት ሲከፈት አልዲሃይድ የተባለ፣ ሌላ ሞለኪውል የሚይዝ እጅ ይፈጠራል። አምፎቴሪሲን ቢን በዚያ እጅ አሲያዙት። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ሥራቸው ጥምረቱ በቤተ ሙከራ ሌሽማንያንና ፈንገስን እንደሚያጠቃ አሳይተዋል። በዚያው ዓመት የወባ መድኃኒት የሆነውን ፕሪማኪን ከሙጫው ጋር አያይዘው፣ ራሱን በራሱ የሚያረጋና መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚለቅ ሃይድሮጄል አቅርበዋል።

ከዚህ እስከ ታካሚው አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የሙጫ ባሕርይ እንደ ዛፉ ዓይነት፣ እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ግን ልዩነት አይፈቅድም። ሙጫው መጣራት፣ ከጀርም መጽዳት፣ መጠኑ መለካት፣ ከዚያም በእንስሳና በሰው ላይ በየደረጃው መፈተሽ አለበት።

ለዚህ የሚሆን እውቀት በአካባቢው የለም ማለት ስህተት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም፣ ከእንሰት የሚገኘው ስታርች ክኒን ለማያያዝና ሆድ ውስጥ ለመበተን እንደሚያገለግል እ.ኤ.አ. በ1993 ከባልደረባቸው ጋር አሳትመዋል። ስታርችም እንደ ሙጫው የተፈጥሮ ፖሊመር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከልም፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የሰው ጥናት በብቃት መምራታቸውን አስመስክረዋል። የጎደለው ሙጫውን የሚያውቀውን፣ ፖሊመሩን የሚሠራውንና ታካሚውን የሚያክመውን በአንድ ፕሮግራም የሚያገናኝ በጀትና ውሳኔ ነው።

በሱዳን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የቀጠለው ጦርነት የሙጫውን ንግድም ሕክምናውንም አመሳቅሏል፤ በገዳሪፍ በኩል ሊሠራ የሚገባው እስከ ሰላም ይዘገይ ይሆናል። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ግን መዘግየት የለበትም። ቀይ ግራር በመተማና በሁመራም ይበቅላል። ሥራው በቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ የአካባቢውን ሙጫ በየዛፉና በየወቅቱ መመርመር፣ ለመድኃኒት የሚሆን የጥራት ደረጃ ማውጣት፣ የተዘጋጀውን ቁስ ከምሥራቅ አፍሪካ ታካሚዎች በተገኘ ሌሽማንያ ላይ መፈተሽ፣ በቆላው ሙቀት ሳይበላሽ ስንት ወር እንደሚቆይ መለካት። የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ይህን በጋራ ቢጀምሩ፣ ሙጫ በጥሬው ከመላክ የተሻለ ገቢ ይገኛል፤ ሳሉጉም በእርዳታ ብልቃጥ ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለ ሕክምና ያገኛል።